ጉድለቱ የማን ነው?

ነጋዴ እፈራ ነበር። ያደግሁት በመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነው። አባቴ ደመወዙ የታወቀ፣ ወጪውን በደብተር የሚይዝ፣ ከደመወዙ ውጭ የመጣ ገንዘብ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ነበር። እኛ ቤት ስለ ንግድ ሲወራ ጥርጣሬ አይጠፋም፤ ነጋዴ ሁለት መዝገብ አለው፣ አንዱ ለግብር ሰብሳቢ ሌላው ለራሱ፣ የልቡን አይነግርህም ይባላል። ይህን እየሰማሁ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ መምህር ሆንኩ። ስለ ድርጅቶች አሠራር እያስተማርኩ መጋዘን ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። ያ ፍርሃት የለቀቀኝ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የብረት መጋዘን ውስጥ ነው። ያላቀቁኝም ተማሪዎቼና አንድ ስቶር ኪፐር ናቸው።

የትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎችን በቡድን ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ከኩባንያ አንድ ሜንተር ፈልጎ፣ ኩባንያው ከቴክኖሎጂ ጋር በተያያዘ የሚቸገርበትን ነገር እንዲያጠኑና መፍትሔ እንዲሠሩ የሚያደርግ ፕሮጀክት ጀመረ። አስተባባሪው እኔ ሆንኩ። ሐሳቡ በዓለም ላይ የቆየ ነው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎች የራሳቸውን ችግር ይዘው የሚመጡበት፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው የሚሠሩበት ‹ክሊኒክ› የሚባል ፕሮግራም አለው። በእኛም አገር ከግቢ መውጣት እንግዳ ነገር አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1964 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት እየወጡ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጀምሮ ነበር፤ ብዙዎቹ በየክፍለ ሀገሩ አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ትምህርታቸው ሲያወሩ ከሌክቸሩ ይልቅ ስለዚያች ዓመት ሲተርኩ ሰምቻለሁ። እኔም ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ዓመት ተመኘሁላቸው።

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ሜንተሩ ችግሩን ይነግረናል፤ ተማሪዎቹ ይፈቱታል፤ እኔ ማርክ እሰጣለሁ። በጥቅምት ርዕስ፣ በኅዳር ፕሮፖዛል፣ በሰኔ ማቅረብ። እንዲህ ሲሆን ተማሪው ርዕሱን የሚመርጠው ኩባንያውን ሳያይ ነው፤ ስለዚህ ርዕሱ ከጊዜው ወሬ ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ማግስት የተማሪው ሁሉ ወሬ የክፍያ መተግበሪያ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰዉ ሁሉ አፍ ላይ ሲገባ ደግሞ ሁሉም መተንበይ ፈለገ። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር አላሳየናቸውም።

ስለ አንዱ ቡድን ልንገራችሁ። አምስት ናቸው፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ርዕሳቸው በማሽን ለርኒንግ የዕቃ ፍላጎትን የሚተነብይ ሲስተም ነበር። የተመደቡት የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ኩባንያ ዘንድ ነው፤ ቢሮው መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ። ሜንተራቸው የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ የማይርቅ፣ ንግግሯ አጭር፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት። ፕሮፖዛሉን ገጽ በገጽ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ እንዲህ አለቻቸው፦

«ልጆች፣ ነገ ስንት ቤርጋ እንደምሸጥ ከመንገራችሁ በፊት ዛሬ ስንት ቤርጋ እንዳለኝ ንገሩኝ።»

ቤርጋ የሚባለው አንድ ዘንግ የአርማታ ብረት ነው። ቀልድ አልነበረም። የኩባንያው ሲስተም አንድ ቁጥር ይላል፤ መጋዘን ያለው ቢን ካርድ (የዕቃ መግቢያና መውጫ መመዝገቢያው) ሌላ ይላል፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የሚደረገው ቆጠራ ሦስተኛ ቁጥር ያመጣል። ሦስቱን ለማስታረቅ ሐምሌን ሙሉ ትደክማለች። በመጨረሻም ልዩነቱ ‹ጉድለት› በሚል ቃል ይዘጋል። የኦዲተሩ ጥያቄ ለእሷ ነው፤ የባለቤቱም ጥያቄ ለእሷ ነው።

ልጆቹ ተደሰቱ። ችግር ተገኘ፤ ያውም በባለሙያ አፍ የተነገረ። ርዕሳቸውን አስተካክለው ቃሊቲ ወረዱ። ሜንተሯም ጊዜዋን ሠውታ የመጀመሪያውን ቀን አብራቸው ሄደች፤ ስቶር ኪፐሩንም «እነዚህ ልጆች የጉድለቱን ምክንያት ሊያጠኑ ነው የመጡት፤ የሚፈልጉትን ሁሉ ንገራቸው» ብላ አስተዋወቀቻቸው። ደግ ሐሳብ ነበር። ስቶር ኪፐሩ ጠና ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር አቀረቡ፤ ሻይ አስመጡ። ጥያቄ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሁሉም ደኅና ነው።» ዕቃ ሲገባ እንዴት ትመዘግባላችሁ? እንደ ደንቡ። ሲወጣስ? በትእዛዝ። ችግር አለ? የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጆቹ ደጋግመው ሄዱ፤ ደብተራቸው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ከወንዶቹ አንዱ ሰውየው ቴክኖሎጂ አይወዱም አለ። ሌላው የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ አለ። እኔም በልቤ የአባቴን ቤት ወሬ ሰማሁ። የልቡን አይነግርህም።

ነገሩን የገለጠችልኝ ከሴቶቹ አንዷ ናት። እናቷ ክፍለ ሀገር ሱቅ አላቸው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒ ስር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን እየሠራች ያደገች ልጅ ናት። ቢሮዬ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ‹ጉድለት› የምትለዋን ቃል ስንናገር ጋሼ ፊታቸው ይለዋወጣል። እኛ ቁጥር ነው የምንለው፤ እሳቸው ግን የሚሰሙት ሌላ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዋስ እንዳላቸው ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ግን ያውቁታል። በአገራችን ስቶር ኪፐር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር ሆኖ ለመቀጠር ከሞያው በፊት የሚጠየቀው ዋስ ነው። ዋሱ ወንድም ነው፤ አጎት ነው፤ የአገር ልጅ ነው፤ የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ የፈረመ ሰው ነው። ዋስትና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1920 ጀምሮ በሰፊው የተደነገገ ነገር ነው፤ ሕጋዊ ነው፣ ከባድ ነው። ንብረት ሲጎድል ጥያቄው ስቶር ኪፐሩ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ያመነው ሰው ቤት ድረስ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ሰው ላፕቶፕ ይዞ፣ ከፋይናንስ ኃላፊዋ ጋር መጥቶ፣ «ጉድለቱ ከምን መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ተማሪ አይደለም። ኦዲተር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ዕቅዳችን ሜንተሩን የእውነት ምንጭ አድርጎ ነበር የተነሳው። ሜንተሩ ግን ኃላፊ ነው። ኃላፊ በር ይከፍታል፤ የኩባንያውን ቁጥር ያሳያል፤ የትኛው ነገር እንደሚያመው ይናገራል። ሥራው በእጁ የሚያልፈው ሰው ከኃላፊው በታች ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ኃላፊው ፊት አይናገርም። ስለዚህ ከኩባንያ ጋር የሚሠራ የተማሪ ፕሮጀክት ሲታቀድ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት፣ እውነቱን የሚነግረን ሰው ቢናገር ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ እኔ ባነበብኳቸው የፕሮጀክት አመራር መጻሕፍት ውስጥ የጊዜ ሰሌዳና የሥራ ክፍፍል ያገኘውን ያህል ቦታ አግኝቶ አላየሁም።

ልጅቷ የራሷን መንገድ አቀረበች፦ ያለ ላፕቶፕ፣ ያለ መጠይቅ፣ ያለ ሜንተሯ መሄድ። ብረት የጫነ መኪና የሚገባበትን ቀን ጠይቃ ከጓደኛዋ ጋር ወረደች። «ጋሼ፣ ዛሬ ልንጽፍ ሳይሆን ልንሠራ ነው የመጣነው፤ ቆጠራ ያስተምሩን» አለቻቸው። ጓንት ሰጧቸው። ያን ቀን ከወጣት ጫኞች ጋር ሆነው እስሩን ሲፈቱ፣ ቤርጋውን አንድ ባንድ ሲቆጥሩ ዋሉ። ማታ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር የሚያወሩት።

ያዩት ይህን ነው። የአርማታ ብረት ሲገዛ በክብደት ነው፤ በቶን ወይም በኩንታል። ለተቋራጩ ሲሸጥ ግን በቤርጋ ነው፤ አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ይረዝማል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት አንዱ ሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ሒሳብ አንድ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ቶን ወደ 94 ቤርጋ ይሆናል። መኪናው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የሚዛኑ ወረቀት ወደ መርካቶ ይላካል፤ እዚያ ያለችው ጸሐፊ ኪሎውን ሲስተም ውስጥ ታስገባለች፤ ሲስተሙ በዚያች በማትለወጠው ቁጥር አካፍሎ ይህን ያህል ቤርጋ ገብቷል ይላል። መጋዘን ውስጥ እስሩን ሁሉ ፈቶ የሚቆጥር ግን የለም፤ ጊዜም ሰውም የለምና።

ብረት ደግሞ በመዳመጫ ሲያልፍ ልክ በልክ አይወጣም። የጥራት ደረጃዎችም ጥቂት ከመቶ መብለጥንና ማነስን ይፈቅዳሉ። አንዱ ጭነት 3 ከመቶ ከበድ ያለ ነው እንበል። ያኔ ቤርጋው ወደ 11 ኪሎ ይጠጋል፤ በአንድ ቶን ውስጥ የሚገኘው 91 ብቻ ነው። በቶን 3 ቤርጋ ገደማ፣ በ10 ቶን ጭነት ከ25 ቤርጋ በላይ። ማንም አልወሰደም፤ ከበሩም አልወጣም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ሲስተሙ ላይ ግን አለ፤ ስለዚህ ሰኔ 30 ሲቆጠር ጎደለ ይባላል። ብረቱ ቀለል ብሎ ሲመጣ ብልጫ ይሆናል፤ ብልጫ ሲገኝ ግን ዋስ የሚጠራ የለም።

የሚገርመው ስቶር ኪፐሩ ይህን ማወቃቸው ነው። ሁለቱ ልጆች ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ሰውየው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ሽፋኑ የተላጠ የተማሪ ደብተር አወጡ። በቻሉት መጠን፣ ሰው ባገኙ ቀን፣ ከየመኪናው አንድ ሁለት እስር እየፈቱ ቆጥረው የጻፉት ነው። ቀኑ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሚዛኑ ኪሎ፣ የወጣው ቤርጋ። የዓመታት ሥራ ነው። ለምን ለኃላፊዋ እንዳላሳዩ ልጅቷ ስትጠይቃቸው፣ «ኮምፒውተር ተሳሳተ ብዬ ለማን ልናገር የኔ ልጅ? ሌባ ምክንያት አያጣም ይሉኛል» አሏት።

ደብተሩን በኋላ በዐይኔ አየሁት። ፊደሉ ደቃቅ፣ ረድፉ የተስተካከለ ነው። እዚያ ቆሜ የልጅነቴን ነገር አስታወስኩ። ሁለት መዝገብ ያለው ሰው ያታልልሃል ተብዬ ነው ያደግሁት። እነሆ ሁለተኛው መዝገብ፤ እውነቱን የያዘው ግን እሱ ነው። የተደበቀውም ሰውየው ሊያታልል ፈልጎ ሳይሆን የሚሰማው ስላጣ ነው። ፍርሃቴ የለቀቀኝ በዚያች ደቂቃ ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በኋላ ነጋዴን አልፈራሁም፤ መጋዘንም ሆነ ሱቅ ስገባ የምፈልገው ሁለተኛውን ደብተር ነው። በየቦታው አለ ማለት ይቻላል። የዱቤ ደብተር፣ የሾፌሩ ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት፣ የገንዘብ ያዧ ኤክሴል። ሲስተሙ የማይችለውን ነገር ሰው በእጁ የሚሸከመው እዚያ ውስጥ ነው።

ደብተሩን ማየታችን ግን ሌላ ጭንቀት አመጣ። ለሜንተሯ እንንገራት? ቡድኑ ተከፈለ። አንዱ ልጅ መረጃ መረጃ ነው፣ የምንሠራው ለኩባንያው ነው አለ። እውነት አለው። ልጅቷ ደግሞ ጋሼ ያሳዩን እኛን አምነው ነው፣ ሳንጠይቃቸው አንወስደውም አለች። እሷም እውነት አላት። እኔ ጣልቃ ሳልገባ አንድ ከሰዓት ሙሉ እንዲከራከሩ ተውኳቸው፤ በዚያ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ የበለጠ የተማሩት ያን ቀን ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ስቶር ኪፐሩን ጠየቋቸው። እሳቸውም «ስሜ ካልተጻፈ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ካልጠየቁኝ» አሉ። ያንን ይዤ ወደ ሜንተሯ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ያገኘነውን ከማሳየታችን በፊት አንድ ወረቀት እንድትፈርም ለመንኳት፤ በጥናቱ ውስጥ የማንም ሠራተኛ ስም እንዳይጻፍ፣ ተማሪዎቹ ያገኙትን መሠረት አድርጎ ማንም እንዳይጠየቅ፣ ያለፈው ቆጠራም ጥናቱ በሚያመጣው ስሌት ሳይከለስ እንዳይዘጋ የሚል። ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እኔም እኮ ፈራሚ ነኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ሒሳቡን የምፈርመው እኔ ነኝ። ኦዲተሩ ሲመጣ የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም መሰለህ?» ፈረመች። እሷም ከላይዋ ባለው ሰው ፊት እንደ ስቶር ኪፐሩ እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው። ለካስ ፍርሃቱ እንደ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቴክኒካዊ ነው፤ ልጆቹ ፈጥነው ሠሩት። ለእያንዳንዱ ዕቃ መግዣ መለኪያውና መሸጫ መለኪያው ለየብቻ የሚያዝበት ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ ከየጭነቱ ጥቂት እስር ተፈቶ የአንዱ ቤርጋ ትክክለኛ ክብደት ተመዝኖ ከሚዛኑ ወረቀት ጋር አብሮ እንዲገባ አደረጉ። መጀመሪያ በኤክሴል፣ በኋላ በራሳቸው ፕሮግራም። የማሽን ለርኒንጉ ነገር ተረሳ፤ ማንም አላዘነም።

መንገድ ላይ ግን ሌሎች ነገሮች ተገኙ፤ እኔ እስከ ዛሬ የምወዳቸው እነዚህን ነው፤ ከውጭ በመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኙምና። አንዱ የብየዳ መሣሪያ በ‹ሣ› ተጽፎ አንድ ዕቃ፣ በ‹ሳ› ተጽፎ ሌላ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሠ እና ሰ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። ያልተሸጠ ዕቃ በአንደኛው ስም ተከማችቶ፣ በሌላኛው ስም አልቋል ተብሎ አዲስ ሲታዘዝ ኖሯል። ሰዓቱም እንዲሁ። ስቶር ኪፐሩ ሦስት ሰዓት ሩብ ብለው የጻፉት የባንኩ መልእክት ላይ 9፡15 ነው፤ ክፍያውንና ዕቃውን የምታገናኘው ጸሐፊ ሁለቱን የተለያየ ግብይት አድርጋ የመዘገበችበት ጊዜ ነበር። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ ቦታ የላትም፤ ሲስተሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ የእነዚያ ቀናት ሽያጭ አንድ ጊዜ ነሐሴ 30 ላይ፣ አንድ ጊዜ መስከረም 1 ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ‹ጉድለት› በሚለው ስም ስር ተኝቶ ነበር።

ኩባንያው ቀደም ሲል ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሠርቶበት ነበር፤ የ5ቱ ማዎች ፖስተር መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አሁንም አለ። ካይዘን ወደ አገራችን የገባው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ከዚያ አስተሳሰብ ጋር ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች አንዱ የቶዮታው ታኢቺ ኦኖ ነው፤ መሐንዲሶችን ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቶ እዚያ ውስጥ እያቆመ ሥራውን እንዲመለከቱ ያደርግ ነበር ይባላል። እኛ ከዚያ ሁሉ የወሰድነው በአብዛኛው መደርደሪያ ማስተካከልና ፖስተር መለጠፍ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቆሞ መመልከቱ ነበር ዋናው። ልጆቹ የጠመኔውን ክብ ሳያውቁ ጓንት ለብሰው ገቡበት።

አሁን ዕቅድ ሳወጣ የማየው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን አያለሁ። የእኛ ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያቀርቡት ሰኔ ውስጥ ነው፤ የኩባንያው ትልቁ እውነት፣ ቆጠራው፣ የሚወጣው ሰኔ 30 ነው። ሜንተሮች በሰኔና በሐምሌ ስልክ አያነሡም፤ ልክ ናቸው። ጥቅምት ሲገባ ግንባታው ይጦፋል፣ መጋዘኑ ፋታ ያጣል። ስቶር ኪፐር ለሰው ጊዜ የሚኖረው ዝናቡ ሥራ ሲያቀዘቅዝ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ከመጋዘኑ ጋር መተዋወቅን ወደ መስከረም አመጣሁት፤ ትምህርት ክፍሉ ተማሪ ሳይመዘገብ እንዴት ይወጣል ብሎ ተከራከረኝ፣ እኔም አልለቀቅኩም። ርዕስ የሚገባበትን ጊዜ ደግሞ ወደ ታኅሣሥ ገፋሁት። ከሜንተር ጋር የሚፈረመው ወረቀት ከፕሮፖዛሉ ቀደመ።

የሜንተሩንም ሰዓት እጠነቀቅበታለሁ። እነዚህ ሰዎች ያለ ክፍያ ነው የሚመጡት። ተማሪ «ምን እንሥራ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይደክማቸዋል፤ «ያየነው ይህን ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ነው የእርስዎ ሐሳብ?» ሲላቸው ግን ወንበራቸውን ወደፊት ይስባሉ። ስለዚህ ቡድኑ ያየውን ነገር ሳይዝ ሜንተር ዘንድ አይሄድም።

በማቅረቢያው ቀን ስቶር ኪፐሩ እንዲገኙ ለመንኳቸው። ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ከሜንተሯ ኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ገምጋሚዎቹ ስለ ዳታቤዙ ጠየቁ፤ መልስ አገኙ። ከዚያ እሳቸው እጃቸውን አወጡ። «ቁርጥራጩስ?» አሉ። ደንበኛ 7 ሜትር ቆርጦ ሲወስድ 5 ሜትር ይቀራል። ያ ቁራጭ ቤርጋ አይደለም፤ ግን ብረት ነው፤ የት ነው የሚጻፈው? ልጆቹ ተያዩ። አልነበራቸውም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የዚያን ቀን ምርጥ ጥያቄ ብሎ መዘገበው፤ ሜንተሯ ወደ ኋላ ዞራ ስቶር ኪፐሩን አየቻቸው። ልጆቹ ከምረቃ በኋላም ጭምር እየተመላለሱ ቁርጥራጩን በሜትር የሚይዝ ገጽ ጨመሩ።

ጉድለቱ በሙሉ አልጠፋም። በአዲሱ ስሌት ያለፈው ቆጠራ ሲከለስ ከፊሉ ተብራራ፤ ከፊሉ አሁንም ምክንያቱ አልታወቀም። የዋስ ውሉም እንዳለ ነው፤ ያንን ለመለወጥ የኩባንያው ባለቤት አልተስማሙም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከደመወዝ ስለሚደረግ ቅናሽ የተደነገገ ነገር አለ፤ ስለ ዋሱ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በመለኪያ ልዩነት የተፈጠረ ጉድለት ዋስን ሊያስጠይቅ ይገባል ወይ? ይህን ከሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦች ጋር እየተነጋገርንበት ነው፤ አንድ የሕግ ተማሪም ቡድን ውስጥ እንዲገባ ጠይቄያለሁ።

ሜንተሯ ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ፈልጋለች። አሁን ሴራሚክ ነው። በካርቶን ይገዛል፣ በካሬ ይሸጣል፤ 60 በ60 የሆነው አራቱ በአንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሆናል፤ የተሰበረው ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። የምደባ ቅጹ ላይ አሁን የሜንተር ቦታ ሁለት ነው፤ በአንዱ እሷ ፈርማለች፣ በሌላኛው ስቶር ኪፐሩ። የቡድኑ የመጀመሪያ ቀጠሮ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ቃሊቲ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ መኪና በማይራገፍበት ሰዓት።